ኃይሉን ፍለጋ፦ የአንድ እድር መዝገብ ታሪክ

ጋሽ ኃይሉ ሻያቸውን ይዘው አጠገቤ ተቀምጠዋል። የእድራችን ዳኛ ናቸው። እውነተኛ ስማቸው ሌላ ነው፤ እሱም በዚሁ ፊደል ስለሚጀምር ለዚህ ጽሑፍ ኃይሉ ልበላቸው። ላፕቶፑን ወደሳቸው አዞርኩና «እስቲ ስምዎን ጽፈው ይፈልጉት» አልኳቸው። መነጽራቸውን አስተካከሉ። በአንድ ጣት፣ ፊደል በፊደል፣ «ሀይሉ» ብለው ጻፉና ተጫኑ።

«አልተገኘም» አለ። በቀይ። ቀዩን ቀለም የመረጥኩት እኔው ነኝ።

«እንዴ! እዚሁ ተቀምጬ?»

ገንዘብ ያዣችን እንዲህ ያለ ነገር አያልፋትም። «ወርሃዊውን ስላልከፈሉ ይሆናል» አለች። ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔ ግን ላብ ላብ አለኝ። ስንት ማታ የለፋሁበት ነገር የእድሩን ዳኛ አላውቅም ብሏል።

እዚያ «አልተገኘም» ላይ እንዴት እንደደረስኩ፣ በመንገዱ ምን ምን እንዳበላሸሁ፣ ከዚያም በኋላ በደስታ ለምን እንቅልፍ እንዳጣሁ ልንገራችሁ።

ባዮሎጂ በቀን፣ ኮድ በማታ

በሙያዬ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። የምኖረው ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ አካባቢ ነው። ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ማታ ከቤት የሚያስወጣ አየር የላትም። ሰው ወይ ቴሌቪዥን ያያል፣ ወይ በጊዜ ይተኛል። እኔ ባና ተከናንቤ ድረ ገጽ መሥራት መማር ጀመርኩ። ገንዘብ ላገኝበት አስቤ አይደለም። አንድ ቀን ለክፍሌ ተማሪዎች ማስታወሻ የምለጥፍበት ገጽ ቢኖረኝ ብዬ ነው የገባሁት። እስካሁን ያን ገጽ አልሠራሁትም።

ላፕቶፑ ያገለገለ ነው። ባትሪው ሞቷል፤ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ መጀመሪያ የለመድኩት ነገር በየሁለት መስመሩ ሴቭ ማድረግ ነው። ትምህርቱን ደብልዩስሪ ስኩልስና ፍሪኮድካምፕ ከሚባሉ ማስተማሪያ ድረ ገጾች አገኘሁት። ሁለቱም በነፃ ናቸው። ቪዲዮ ስፈልግ የሌሊት ጥቅል ገዝቼ አወርዳለሁ፤ በማግስቱ ማታ ቁጭ ብዬ አያለሁ።

የመጀመሪያው ገጼ ነጭ ሜዳ ላይ «ሰላም ደብረ ብርሃን» የሚል ጽሑፍ ብቻ ነበር። ከዚያ የገጽን መልክና ቀለም ከሚወስነው ከሲኤስኤስ አንድ መስመር ጨመርኩ። ጽሑፉ አረንጓዴ ሆነ። ባለቤቴን ከእንቅልፏ ቀሰቀስኳት። አየችው። «ለዚች ነው ያመሸኸው?» ብላ ተመልሳ ተኛች። እኔ ግን ቀለሙን እየቀያየርኩ ሌላ አንድ ሰዓት ተቀመጥኩ። ማሽኑ ያልኩትን ሰማኝ! ይህን ስሜት ያልቀመሰው ሰው እብደት ይመስለዋል።

ቪዲዮዎቹ ሁሉ ኤችቲኤምኤል የድረ ገጹ አጥንት ነው፣ ሲኤስኤስ ቆዳ ነው፣ ጃቫስክሪፕት ጡንቻ ነው ይላሉ። ባዮሎጂ ለሚያስተምር ሰው ይሄ ምሳሌ በቀላሉ አይዋጥም። ከእስስትና ከጥቂት መሰሎቿ በቀር ቆዳውን እንዲህ በቶሎ የሚቀያይር የትኛው እንስሳ ነው?

ለጥቂት ወራት መልመጃ ስገለብጥ ቆየሁ። የፒዛ ቤት ገጽ፣ የሆቴል ገጽ፣ የፎቶ አንሺ ገጽ። ሁሉም ያምራሉ፤ አንዱም የእኔ አይደለም። ቪዲዮው ሲያልቅ ችሎታውም አብሮ የሚያልቅ ይመስለኝ ነበር። አዲስ ባዶ ፋይል ስከፍት እጄ አይንቀሳቀስም።

ድስቱ

ከዚህ ያወጣኝ ድስት ነው።

እድራችን ከሁለት መቶ በላይ አባል አለው። ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ብረት ድስት፣ ሳፋ፣ ጀሪካን፣ ብርጭቆ አለው። ለቅሶ ሲሆን በነፃ ይወጣል፤ ለሠርግና ለክርስትና በትንሽ ክፍያ ይከራያል። ማን ምን እንደወሰደ የሚጻፈው በአራት ደብተር ነው። ሁለቱ በቀድሞው ጸሐፊ እጅ የተጻፉ ናቸው። እሳቸው አሁን በሕይወት የሉም፤ ጽሑፋቸውን የሚያነብም ብዙ ሰው የለም።

አንድ እሑድ ስብሰባ ላይ ትልቁ ብረት ድስት የለም ተባለ። ለክርስትና ወጥቷል፤ አልተመለሰም። ማን ወሰደው? ደብተር ተገለበጠ። አንዱ «ለእገሌ ነው የወጣው» ሲል ሌላው «እሱማ ድንኳን ነው የወሰደው» ይላል። ጋሽ ኃይሉ በጣም ተቆጡ። «የሕዝብ ዕቃ እንዲህ ሜዳ ላይ አይቀርም!» አሉ። ለአንድ ድስት አንድ ከሰዓት ሙሉ ሄደ።

እኔ ያን ቀን አፌን መያዝ ነበረብኝ። «እኔ በኮምፒውተር ልሥራላችሁ» አልኩ።

ጸሐፊያችን ቀና ብለው አዩኝ። ቤተ ክህነት ያደጉ ሰው ናቸው፤ የእጅ ጽሑፋቸው የሚያስቀና። «መብራት ሲጠፋ መዝገቡም ይጠፋል?» አሉኝ። «አይጠፋም ጋሼ» አልኩ። «እንግዲያ ሞክረው» አሉ። ደብተሮቹን ግን አልሰጡኝም። ቅዳሜ ቅዳሜ እሳቸው ቤት እየሄድኩ፣ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ገለበጥኩ።

ሦስቱን ደብተር በዚህ መንገድ ጨረስኩ። አራተኛው፣ ከቀድሞው ጸሐፊ ሁለት ደብተሮች አንዱ፣ ለኋላ ቀረ። እጅ ጽሑፉ አድካሚ ነበር።

ያበላሸኋቸው

መጀመሪያ የሠራሁት ገጽ በላፕቶፕ ያማረ ነበር። ሊንኩን በእድሩ ቴሌግራም ላይ ላክሁት። ሁሉም በስልክ ከፈተው። «ጉንዳን ነው እንዴ?» አለ አንዱ። ፊደሉ አይነበብም።

ምክንያቱን ለማወቅ ሁለት ማታ ፈጀብኝ። ስልክ አንድ ገጽ ለስልክ መሠራቱ ካልተነገረው ገጹን 980 ፒክሰል ስፋት እንዳለው ቆጥሮ አጥብቦ ያሳየዋል። «ስፋትህ የስክሪኑ ስፋት ይሁን» የምትል አንዲት መስመር፣ ቪውፖርት የምትባል፣ ከላይ ማስገባት ብቻ ነው። አስገባሁ። ገጹ በስልኬ ላይ ተስተካከለ። ብቻዬን አጨበጨብኩ። ሦስት ወር ሙሉ ስገለብጣቸው በነበሩ መልመጃዎች ውስጥ ያቺ መስመር ሁልጊዜ ነበረች። ለምን እንዳለች ጠይቄ አላውቅም ነበር።

የድንኳኑ ፎቶም አራት ሜጋባይት ነበር። ሰው ድንኳን ሊያይ ብሎ ጥቅሉን ይጨርሳል። ስፋቱን ወደ 1,200 ፒክሰል ዝቅ ሳደርገው ቀለል አለ። ይሄ ቀላሉ ነው።

ከባዱ ሌላ ነው፤ ስጽፈው አሁንም ያሳፍረኛል። የአባላቱን ስምና ስልክ ቁጥር ሁሉ ገጹ ላይ ጫንኩት። ሰው ሁሉ እንዳያየው ፓስወርድ አደረግሁበት። ፓስወርዱን ያላወቀ አይገባም። ኮራሁ። «ሴኩሪቲ አለው» ብዬ ለጸሐፊው ሁሉ ነገርኩ።

የጎረቤታችን ልጅ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ ትማራለች። ድሮ ተማሪዬ ነበረች። በአራተኛው ቀን ቤት መጣች።

«ቲቸር፣ ፓስወርዱ የልጅዎ ስምና የተወለደበት ዓመት ነው አይደል?»

ደነገጥኩ። «ማን ነገረሽ?»

«ገጹ ነው የነገረኝ» አለች። የገጹን ኮድ ከፍታ አሳየችኝ። ፓስወርዱ እዚያው ጃቫስክሪፕቱ ውስጥ በግልጽ ተጽፏል። ስሞቹና ስልኮቹም ከሥሩ ተደርድረዋል። ጃቫስክሪፕት የሚሠራው በተጠቃሚው ብራውዘር ላይ ነው። ስለዚህ ኮዱ በሙሉ ወደ ተጠቃሚው ይሄዳል። እኔ ያደረግሁት በሩን ቆልፎ ቁልፉን በሩ ላይ ማንጠልጠል ነው።

ወዲያው አጠፋሁት። እሷ ግን ራሷን ነቀነቀች። ፋይሉን ያስቀመጥኩት ጊትሀብ በሚባል የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ላይ ነው። ከሥሩ ያለው ጊት የሚባል ፕሮግራም ደግሞ የድሮውን ሁሉ ያስታውሳል፤ ዛሬ የሰረዝከውን ትናንት በነበረበት መልኩ ገልጦ የሚያሳይ መዝገብ ነው። ለዚህም ነው የተሠራው። በመጨረሻ ማኅደሩን ከነታሪኩ ጠቅላላ ሰረዝነው። እሑድ ስብሰባ ላይ ተነስቼ ለአባላቱ ተናገርኩ። ዝም ብዬ ማለፍ እችል ነበር፤ ግን ስልካቸው ነው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ነገር ለየን። የዕቃው ዝርዝር ለሁሉም ይታያል፤ ድንኳን አለ ወይስ ወጥቷል፣ ያ ብቻ። የሰው ስም ያለበት መዝገብ ኢንተርኔት ላይ አይወጣም። በጸሐፊው ቤት ባለ ኮምፒውተር ላይ፣ ያለ ኔትወርክ፣ ከፍላሽ የሚከፈት ገጽ ይሆናል። ገጹ በዚህ መንገድ ሲከፈት መጀመሪያ እንቢ ብሎኝ ነበር። ብራውዘሩ ከኮምፒውተሩ ላይ በቀጥታ የተከፈተ ገጽ ሌላ የመረጃ ፋይል እንዲያነብ አይፈቅድም። መረጃውን ራሱን የጃቫስክሪፕት ፋይል አድርጌ ሳስገባው ታረቅን።

ጋሽ ኃይሉ «እዚሁ ተቀምጬ?» ያሉት በዚህኛው ገጽ ላይ ነው።

የፊደል ገበታው

መዝገቡ ላይ ስማቸው «ኃይሉ» ተብሎ ተጽፏል። እሳቸው «ሀይሉ» ብለው ፈለጉ። ለእኛ አንድ ነው። ለኮምፒውተሩ ሌላ ሰው ነው።

መጀመሪያ ሳስበው የዋህ ነበርኩ። ለእያንዳንዱ ስም ሌሎቹን አጻጻፎች ከጎኑ ልጻፍለት አልኩ። «ፀሐይ»ን ጀመርኩ። ፀ ሁለት ዓይነት ነው፤ ጸ እና ፀ። ሐ ደግሞ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ሊሆን ይችላል። ሁለት በስድስት፣ 12። «ኃይለ ሥላሴ» ላይ ስደርስ 24 ሆነብኝ። አንዳንዱ ሰው ገጥሞ፣ አንዳንዱ ለይቶ ስለሚጽፈው 48። ከሁለት መቶ በላይ አባል አለን፤ በዚያ ላይ አካባቢያችን «ኃይለ» እና «ገብረ» የሚወድ አገር ነው።

ወደ ውጭ ስወጣ ነገሩ ሁሉ ቦታ መሆኑን አየሁ። የከተማችን ስም ራሱ በየማስታወቂያው «ብርሃን»፣ «ብርሀን»፣ አንዳንዴም «ብርሐን» ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የቆረቆሯት ንጉሥ ስምም አያመልጥም። ዘርዐ፣ ዘርዓ፣ ዘርአ ያዕቆብ። ስምንት ዓይነት ቆጠርኩላቸው።

ልጅቱን ጠየቅኳት። «ቲቸር፣ እያንዳንዱ ፊደል ቁጥር አለው። ቁጥሩን ያውጡትና ይዩት» ብላኝ ሄደች። ፈተና ነበረባት።

ያን ማታ ተቀምጬ የፊደላቱን ቁጥር አወጣሁ። ሀ 4608። ሁ 4609። ሂ 4610። ሃ 4611። እስከ ሆ ድረስ በተራ። ቀጥዬ ለ፦ 4616። ሐ፦ 4624። መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ...

ቆምኩ። ይህን ቅደም ተከተል አውቀዋለሁ። ቤታችን ግድግዳ ላይ የተለጠፈው የፊደል ገበታ ነው! እናቴ በስንደዶ እየጠቆመች ያስቆጠረችኝ። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው፣ ለዓለም ፊደላት ቁጥር በሚሰጠው ሥርዓት ውስጥ የገባው በ1999 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ያስገቡት ሰዎች ገበታውን በአመዛኙ እንዳለ ነው የደረደሩት፤ እያንዳንዱ ፊደል ቤተሰብ ከነልጆቹ፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ፣ በየስምንት በየስምንት ቦታ።

ይህ ማለት ሐ ከሀ በ16 ትበልጣለች። ሑም ከሁ በ16። ሒም ከሂ በ16። ቤተሰቡ በሙሉ! 48 አጻጻፍ መዘርዘር አያስፈልግም። ከሐ ቤት 16 ቀንስ። ከኀ ቤት 128 ቀንስ። ከዐ ቤት 48፣ ከፀ ቤት 8 ቀንስ። ሠ ላይ ብቻ 16 ደምር። አለቀ። ሰባት ወይም ስምንት መስመር ኮድ ነው።

ጻፍኩት። «ሀይሉ» ብዬ ፈለግሁ። «አልተገኘም»።

ባናውን ወረወርኩ። ከዚያ ቁጥሩን እንደገና በእጄ ሠራሁት። ኃ 4739 ናት። 128 ሲቀነስ 4611። ያቺ ሃ ናት እንጂ ሀ አይደለችም! ግዕዝና ራብዕ በድምፅ አንድ የሚሆኑት በሀ እና በአ ቤት እንደሆነ ረስቼዋለሁ። በለ ቤትማ «ለ» እና «ላ» ለየቅል ናቸው። ሁለት መስመር ጨመርኩ፤ ሃ ከሆነ ሀ ይሁን፣ ኣ ከሆነ አ ይሁን። እንደገና ፈለግሁ።

ኃይሉ መጣ።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሆኗል። «ሓይሉ» ብዬ ጻፍኩ፤ መጣ። «ኀይሉ» ብዬ ጻፍኩ፤ መጣ። «ጸሀይ» አልኩ፤ ወይዘሮዋ በ«ፀሐይ» መጡ። ባለቤቴን አልቀሰቀስኳትም፤ ራሷ ተነስታ መጣች። ክፍሉ ውስጥ እየተንጎራደድኩ ነበር። ይሄን ነገር የትኛውም የፒዛ ቤት ቪዲዮ አያስተምርም። ቪዲዮውን የሠራው ሰው «ኃ»ን አያውቃትም። እኔ አውቃታለሁ፤ እናቴ አስተምራኛለች።

ለጸሐፊያችን ሳሳያቸው የጠበቅሁትን ያህል ደስ አላላቸውም። ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«ንጉሡን ሠ እና እሳቱን ሰ አንድ አደረግሃቸው?»

«ለፍለጋው ነው ጋሼ።»

«ሠረቀ ማለት ወጣ፣ አበራ ማለት ነው። ሰረቀ ማለት ሌባ ሆነ ማለት ነው። በግዕዝ ሁለቱን ብትቀላቅል ፀሐይን ሌባ ታደርጋታለህ።»

እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ኮዱን እንደገና አስተካከልኩት። በመዝገቡ የተጻፈው ስም አይነካም። ኃይሉ በብዙኃኑ ኀ ተጽፎ ከሆነ ሁልጊዜ በብዙኃኑ ይታያል። የሚለወጠው ከበስተጀርባ፣ ለማመሳከሪያ ብቻ የሚወጣው ቅጂ ነው። ይህን ሳስረዳቸው ግንባራቸው ተፈታ። ጨርሶ የተፈቱት ግን የዝርዝሩን ቁጥር በግዕዝ ሳደርግላቸው ነው። ሲኤስኤስ «ኢትዮፒክ ኒውመሪክ» የሚባል ምርጫ አለው፤ በአንድ መስመር ፩፣ ፪፣ ፫ እያለ ይደረድራል። ፻ ላይ ሲደርስ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳርፈው ቆዩ።

የቀን አቆጣጠሩም አላሳረፈኝም። ወደ እኛ አቆጣጠር የሚቀይር ኮድ ራሴ ጻፍኩ፤ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ቀንስ፣ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ነው እያልኩ። በ2023 ሴፕቴምበር 11 ስሞክረው መስከረም 1 አለኝ። ያን ቀን ግን ጳጉሜን 6 ነበር፤ 2015 ዘመነ ሉቃስ ስለሆነ። ሁለት ሳምንት ስታገል ከርሜ፣ ብራውዘሩ ራሱ የኢትዮጵያን አቆጣጠር እንደሚያውቅ ኤምዲኤን በሚባል የድረ ገጽ ሠሪዎች ማጣቀሻ ላይ አነበብኩ። ኢንትል በሚባለው የጃቫስክሪፕት ክፍል «ኢትዮፒክ» ብለህ ከጠየቅኸው ወሩን በአማርኛ ይነግርሃል። ተናደድኩ። ቀጥሎ የእኔን መቶ ምናምን መስመር ስሰርዝ ደስ አለኝ። ኮድ መሰረዝ እንዲህ ደስ እንደሚል ማን ያውቃል?

እንደገና ፍለጋ

አራተኛውን ደብተር ከልጅቱ ጋር ሆነን ጨረስነው። ፈተናዋን ጨርሳ ነበር። ያን አስቸጋሪ እጅ ጽሑፍ እኔ እያነበብኩ እሷ ትጽፋለች፤ ስንጠራጠር ጸሐፊውን እንጠራለን። እሳቸው የወረቀት መዝገባቸውን አልተዉም፤ ሁለቱንም ጎን ለጎን ይይዛሉ። እኔም አልገፋፋኋቸውም። የእኔ ላፕቶፕ ባትሪ የለውም።

ከዚያ ስብሰባ መጣ። ጋሽ ኃይሉ ሻያቸውን አስቀምጠው «እስቲ ዛሬስ አለሁ?» አሉ። በአንድ ጣት «ሀይሉ» ብለው ጻፉ።

ሁለት መስመር መጣ። የመጀመሪያው ስማቸው ከነአባታቸው፣ የአባልነት ቁጥራቸው በግዕዝ። ቤቱ አጨበጨበ። ሁለተኛው ከአራተኛው ደብተር የተገለበጠ ነው። ጸሐፊው መነጽራቸውን ወደ ታች ዝቅ አድርገው ጮክ ብለው አነበቡት።

«ትልቁ ብረት ድስት። ለክርስትና። ተረካቢ፦ ኀይሉ...» የአባታቸውንም ስም ጨመሩበት።

ዝም ተባለ። ገንዘብ ያዣችን ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

ጋሽ ኃይሉ ስክሪኑን ቆይተው አዩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ያችን ቀይዋን መመለስ አይቻልም?»